«የኔ ግን ልቤ ነው»፦ አንድ የድሬዳዋ ሾፌር የሥነ ልቦና ሕክምና ሲጀምር

ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሳላነሳው ተቋረጠ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። በአራተኛው ደረስኩበትና «አቤት» ስል ከወዲያ በኩል የከባድ መኪና ሞተርና የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም፣ «እናንተ ጋ የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ። «እንቅልፍ ያጣ፣ የጨነቀው፣ ከቤተሰቡ ጋር መግባባት ያቃተው፣ ሰው የሞተበት» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «የኔ ግን ልቤ ነው» ብሎ ቀጠሮ ያዘ።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ ይህ የእሱ ጉዳይ ነው። በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሾፌር፣ የሁለት ልጆች አባት። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ረቂቁን አንብቦ አንድ አንቀጽ እንዳወጣ ጠይቆኝ አውጥቻለሁ። ማንነቱን የሚያሳብቁትን ነገሮች ቀያይሬያለሁ፣ ስሙንም ትቼ «ሾፌሩ» እያልኩ እሄዳለሁ። ወራቱን ግን አልነካሁም፤ የድሬ ሙቀት ራሱ የጉዳዩ አካል ነውና።

የምጽፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሄድ አስበው በር ላይ የሚቀሩ ሰዎችን በየሳምንቱ በስልክ አገኛለሁ። የሚያስቀራቸው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሳይሆን ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው አለማወቃቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉን ተናግሮ መውጫ ይመስላቸዋል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ትልቁ ሥራ ሰውየው ለሁለተኛው ቀን ተመልሶ መምጣት እንዲችል ማድረግ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ ራሴ ያንን አበላሽቼው ነበር። ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። አይሻ ከተማን አልፎ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ልቡ በድንገት ደረቱን መደብደብ ያዘ። ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ጆሮው ጭው አለ፣ ላቡ ተንቆረቆረ። «ልሞት ነው» አለና መኪናውን ጥግ አስያዘ። ረዳቱ ደንግጦ አንድ ጄሪካን ውሃ አናቱ ላይ አፈሰሰበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተወው። በሳምንቱ ተመለሰበት። ከዚያ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ሳለ መጣበት።

እስከ ሰኔ ድረስ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ተነሳ፣ ስኳሩና የደም ማነሱ ታየ፣ የታይሮይድ ምርመራ ታዘዘለት። ሁሉም ደህና ነው። በሦስተኛው ጊዜ ያየው ሐኪም «ይሄ ጭንቀት ነው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታይ ጥሩ ነው» ሲለው ተቀየመ። «የምን ጭንቀት? ሥራ አለኝ፣ ልጆቼ ጤና ናቸው፣ ዕዳ የለብኝም!» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ አንድ ወር ከረመ። እኔ ጋ ሲመጣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ መሃሉ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።

ይህን ሐኪም ማመስገን እፈልጋለሁ። የልብን ነገር መጀመሪያ አጣርቶ ነው የላከው። ደረቱን የሚያመውና ልቡ የሚመታበት ሰው አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት፤ «ጭንቀት ነው» የሚባለው ሌላው ከተጣራ በኋላ ነው።

በመካከል እናቱ ቁልቢ ገብርኤል ወስደው ጠበል አስጠምቀውታል። የሚስቱ ቤተሰቦች ደግሞ ሼኽ አምጥተው ቁርኣን አስቀርተውለታል። ድሬ እንዲህ ናት፤ በአንድ ቤት ሁለቱም ይደረጋል፣ ማንም አይቀየምም። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነበር፤ እስቅበት እንደሆን ሊያይ። ሁለቱም እንዳሳረፉት ነገረኝ፣ እኔም እንዲቀጥልበት አልኩት። አንድ ሰው ጠበሉን ወይም ዱዓውን ትቶ ወደ እኔ እንዲመጣ አልጠይቅም፤ ከዚያ ያገኘውን ብርታት ይዞ እንዲመጣ ነው የምፈልገው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከተማው ሳይግል መጣ። በቀጠሮ ሰዓት ድሬን ማወቅ ግድ ነው። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተማው ይተኛል፣ ከዚያ የጫት ሰዓት ይደርሳል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ካልሆነ ሰው አይመጣም፣ ቢመጣም ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ክፍሌ ከቀዚራ ሰፈር ዛፎች በአንዱ ጥላ ሥር ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ መሃል ላይ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ፣ ሶፍት፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሚንቀጫቀጭ ቬንቲሌተር። ሰዎች የሚጋደሙበት ሶፋ ይጠብቃሉ፤ የለኝም። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና «ነጭ ጋውን አትለብሺም?» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይበረክትም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ እኔ «እህቴ» ሆንኩ፣ እሱ «አንተ» ሆነ። «ዶክተር» ሲለኝ ግን አረምኩት። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው የሥነ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆነ ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። ሁለቱ ሥራዎች ተባብረው የሚሠሩ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ስለሚመጣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች እናገራለሁ።

ከተቀመጠ በኋላ አንድ ነገር አየሁ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ከአውራ ጣቱ ሥር ካለው ደም ሥር ላይ አሳርፏል። የልብ ምቱን እየቆጠረ ነበር። እያወራሁት ይቆጥራል፣ እያወራኝ ይቆጥራል። ዓይኑ አንዳንዴ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት እንደሚያባዛ በኋላ ነገረኝ። ድንገተኛ ክፍል ነርሷ ስታደርግ አይቶ ነው የተማረው። በዚያ ቀን ስለ ጣቶቹ ምንም አላልኩም።

መጀመሪያ የነገርኩት የምስጢር ነገር ነው። እዚህ የሚወራው ከዚህ አይወጣም፤ ሚስቱ ብትደውል፣ የሥራ ቦታው ቢጠይቅ፣ ጎረቤቱ የእኔ ዘመድ ቢሆን እንኳን። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፣ ስለዚህ ይህ የወግ ንግግር አይደለም። መንገድ ላይ ብንገናኝ እሱ ቀድሞ ሰላም ካላለኝ እንደማላውቀው ሆኜ እንደማልፍ ነገርኩት። የምስጢሩን ወሰንም ተናገርኩ፦ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ መሆኑን ካወቅኩ፣ በሕፃን ላይ በደል እየተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሕግ ካዘዘኝ ዝም ማለት አልችልም። ይህን የማይነግራችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ጠይቁት።

ቀጥሎ ጥያቄዎች መጡ። መቼ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብስ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ቤት ውስጥ ማን አለ፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ነገር የነበረበት ሰው አለ ወይ። ሰው ይህን ሲሰማ «ፖሊስ ጣቢያ መሰለኝ» ይላል። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ከወሬ ይልቅ መዝገብ መሙላት ይመስላል። ለማንኛውም ጥያቄ «ይሄን አሁን መመለስ አልፈልግም» ማለት ይቻላል። ሾፌሩ ስለ አባቱ ስጠይቀው እንዲያ አለኝና አለፍነው።

ሁለት አጫጭር መጠይቆችም ሞላ። አንዱ 9 ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ ነው፣ ሌላው 7 ጥያቄ ያለው የጭንቀት መለኪያ። ሁለቱም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቁት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ከ27፣ ሁለተኛው ከ21 ይታሰባል። ሾፌሩ በድባቴው 11፣ በጭንቀቱ 16 አገኘ። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ ወደፊት የምናወዳድርበት መነሻ ነው። የመጀመሪያው መጠይቅ 9ኛው ጥያቄ የሚጠይቀው ብሞት ይሻላል የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ስለመኖሩ ነው። እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ይሄን ለምን ትጠይቃላችሁ? ሐሳቡን ልታስገቡብኝ ነው?» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው የሚተነፍሰው። እሱ 0 ሞላ። «እኔ መሞት ነው የምፈራው፣ እንዴት እፈልገዋለሁ?» አለኝ።

50 ደቂቃው ሲያልቅ ያላመነ ዓይን ነበረው። «በቃ?» አለ። «መድኃኒቱስ? ምን ላድርግ ትያለሽ?» ምክር ጠብቆ ነበር፤ እንደ ሽማግሌ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ ተው» የሚል። ምን እንደጠረጠርኩ ነገርኩት። የገጠመው ፓኒክ የሚባል፣ ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት እንደሆነ፣ ስም ያለው፣ የታወቀ ሕክምና ያለው ነገር እንደሆነ። በሳምንት አንዴ፣ ከ10 እስከ 12 ቀጠሮ ያህል አብረን እንደምንሠራ፣ መሃል ላይ ቆም ብለን እየሠራ መሆኑን እንደምናይ። መድኃኒትም አማራጭ እንደሆነ፣ ሳምንታት ቆይቶ እንደሚሠራ፣ ከፈለገ የሚያዝለት ሰው ጋ እንደምልከው። እሱ አልፈለገም። ሲወጣ «አማኑኤል አታስገቡኝም አይደል?» አለ። ለስንት ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ስለሆነ፣ ስሙ ለሰዉ ሁሉ የመጨረሻው በር መስሎ ይታየዋል። አላስገባህም አልኩት።

በሁለተኛው ቀጠሮ እኔ ተሳሳትኩ።

የልጅነት ታሪኩን ስንነካካ፣ በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ጊዜ እዚሁ ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንደነበረ ነገረኝ። የዚያን ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በዚያ ዕድሜ የነበረ የድሬ ልጅ ሁሉ አንድ የሚያውቀው ሰው ሄዶበታል። ለእሱም የክፍሉ ልጅ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ «አገኘሁት!» አልኩ በልቤ። ፍርሃት፣ ሌሊት፣ ሞት፣ ሁሉም ገጠመልኝ። ጠየቅኩት፣ ደገምኩት፣ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን ሰማ፣ ማን ጮኸ። እሱ በአጭሩ ይመልሳል። ጣቶቹ ደም ሥሩ ላይ ናቸው። ፊቱ ግርጥት እያለ ሲሄድ እያየሁ ቀጠልኩ። ያን ማየቴን ነው ለራሴ ይቅር ያላልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አልመጣም። በአራተኛውም። ስልኩ አይነሳም።

ጉዳዩን በሥራው ለሚበልጠኝ ባልደረባዬ አቀረብኩ፤ እኛም የምንጠይቀው ሰው አለን፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስሙን ሳልጠቅስ ነገርኩት። ያለኝ አጭር ነበር፦ «ልቡን ይዞ ነው የመጣው። አንቺ ጎርፍ ሰጠሽው።» ለሾፌሩ አንድ መልእክት ጻፍኩለት። ባለፈው ቀጠሮ ቸኩዬ ያልፈለከውን ነገር እንዳናገርኩህ አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ መምጣት ከፈለግህ በሩ ክፍት ነው፣ ካልፈለግህ ደግሞ የሌላ ባለሙያ ስልክ ልሰጥህ እችላለሁ አልኩት። በቀረ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደወለ። «ያን ዕለት ከወጣሁ በኋላ ሁለት ቀን አልተኛሁም» አለኝ። «አብጄ ነበር ማለት ነው ብዬ ነው የቀረሁት።»

ለጀማሪ ሰው ይህ ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይመስለኛል። ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች በኋላ ሕመም ሊብስ ይችላል። ተዘግቶ የቆየ ነገር ሲነካ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሰውነት ይከብዳል፣ ለትንሽ ነገር እንባ ይመጣል። አንዳንዴ ይህ የሥራው አካል ነው። አንዳንዴ ደግሞ፣ እንደ እኔ፣ ባለሙያው ቸኩሎ ነው። ሁለቱንም ለባለሙያው መናገር ይቻላል፤ «ያለፈው ሳምንት ቀጠሮ ጎድቶኛል» ማለት ነውር አይደለም። ሰምቶ የማያስተካክል ባለሙያ ከሆነ ሌላ መፈለግ ነው። እንደዚሁ በአንድ ቀን አድንሃለሁ የሚል፣ ስለ ሌሎች ደንበኞቹ የሚያወራ፣ ወይም «ጠንከር በል፣ ወንድ ልጅ አይደለህ!» ብሎ የሚሸኝ ካጋጠመ መመለስ አያስፈልግም። ዋጋውን፣ ቋንቋውን፣ ሴት ወይም ወንድ ባለሙያ መምረጥ እንደሚቻል አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ደግሞ መብት ነው። የቋንቋው ነገር እዚህ ከተማ ቀላል አይደለም። ሾፌሩ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፣ ስለ አባቱ ሲነሳ ግን ሳያውቀው ወደ ኦሮምኛ ይዞራል። እኔም ስለምሰማ ተውኩት።

ሦስተኛውን ቀጠሮ እሱ ይዞት ከመጣው ነገር ጀመርን፤ ከልቡ።

ልቡ ለምን እንዲያ እንደሚመታ አስረዳሁት። ሰውነት አደጋ ያየ ሲመስለው አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል። ጅብ ፊት ብትቆም የሚያስፈልግህ ይኸው ነው። ትንፋሽ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው ከዚያ የተነሳ ነው። ሰውየው ይህን ሲሰማ «ልቤ ቆመ» ይላል፣ ይበልጥ ይፈራል፣ አድሬናሊኑ ይበልጥ ይረጫል። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው። ሾፌሩ ወዲያው ገባው። «ዳሽቦርድ ላይ መብራት ሲበራብህ ሞተሩ ተቃጠለ ብለህ እንደመዝለል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መብራቱ» የምንለው ቃል ሆነ።

ከዚያ የድሬን ነገር አነሳን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እዚህ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ሙቀት ብቻውን ልብ ያፈጥናል፣ ያልባል፣ ያዞራል። በዚያ ላይ ጫት። ከአወዳይ እኩለ ቀን ላይ የሚደርሰውን ጫት ይዞ ነበር የሚወጣው፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱና መቁነጥነጡ ይመጣል። በዚያ ላይ ቡና፣ ቆላው ውስጥ ውሃ አለመጠጣት። ማለትም ሰውነቱ «መብራቱን» የሚያበራበት ምክንያት ሞልቶታል፣ አንዱም ልብ በሽታ አይደለም። ጫቱን ተው አላልኩትም። «ለሁለት ሳምንት ሳትይዝ ውጣና የምታየውን ጻፍ» አልኩት። እሱ ራሱ ሳምንት ሳይሞላው «ሀራራው ይገድለኛል፣ ግን ሌሊቱን እተኛለሁ» አለኝ።

መጻፉ ከሁሉም በላይ ጠቀመ። የጉዞ ወረቀት መሙላት ልማዱ ነው፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ ኪሎ ሜትር። እኛም በዚያው መልክ ሠራነው፦ መቼ መጣ፣ የት፣ ከስንት ወደ ስንት ወጣ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ መጥቶበታል። እሱ «አንድ ሰዓት ይይዘኛል» ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ ረጅሙ 14 ደቂቃ ነው፤ አብዛኞቹ ከ10 ደቂቃ በታች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን ረጅሙ ላይ አሳርፎ ዝም አለ። «ከሽኒሌ ኬላ ሰልፍ ያጥራል» አለ በመጨረሻ።

የምንቀጥለው ሕክምና አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም የጀመረው። ለፓኒክ ሲሆን አንድ ፈታኝ ነገር አለበት፦ የሚፈራውን የሰውነት ስሜት ሆን ብሎ መቀስቀስ። በአምስተኛው ቀጠሮ እኔና እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለአንድ ደቂቃ ያህል ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ተነፈስን። ሐኪሙ ልቡን ስላየው ነው ይህን ያደረግነው፤ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረውም። በ40ኛው ሰከንድ «ይኼው! ይኼው መጣ!» ብሎ ወንበሩን ጨበጠ። እኔም ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ አሳየሁት። ቆምንና ጠበቅን። አልተነሳም፣ ውሃ አልጠጣም፣ ደም ሥሩን እንዳይነካ ጠይቄው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። ፍርሃቱን ከ10 ስንት እንደሆነ በየደቂቃው ይነግረኛል፦ 9፣ 8፣ 8፣ 5፣ 3። ቬንቲሌተሩ ይንቀጫቀጫል። «ወረደ» አለ፣ ራሱን እንደሚታዘብ ሰው።

በዚያው ቀን፣ ጊዜው አልቆ፣ የበሩን እጀታ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ «የሥራ ጓደኛዬ እኮ ነው የሞተው» አለ። ጅቡቲ ወረፋ ላይ፣ ከሱ መኪና ኋላ፣ ካቢናው ውስጥ ተኝቶ ሳለ። ጠዋት ሊቀሰቅሰው የሄደው እሱ ነበር። መጋቢት ላይ፣ ነገሩ መጀመሪያ ከመምጣቱ ሦስት ሳምንት በፊት። ይህን አስቀድሜ ጠይቄዋለሁ እኮ፤ «በቅርቡ ሰው ሞቶብሃል?» ብዬ። «የለም» ነበር መልሱ፤ ጓደኛ እንጂ ዘመድ ስላልሆነ የሚቆጠር አልመሰለውም። ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው የሚነገረው። እንዲቀመጥ አላደረግኩትም። «ሰምቼሃለሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት ከዚህ እንጀምራለን፣ ከፈለግህ» አልኩት።

ጀመርን። ለቅሶ እንኳን አልደረሰም፤ ጭነት ነበረበት። ጓደኛውን የገደለው ልብ ነው ተብሎ ነበር፤ ሾፌሩንም ልቡን እንዲቆጥር ያደረገው ያ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ ግን አልጽፍም። ጎርፉን እንዲያ ብዬ ተሳስቻለሁና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በመንገድ ላይ ነበር። ስምሪት ክፍሉን «ግፊት አለብኝ» ብሎ ረጅሙን ጉዞ ለአንድ ወር አስቀርቷል። ምን እንደሚናገር የመረጠው እሱ ነው፤ ለአሠሪ ሁሉን መንገር ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ፣ በማለዳ፣ ብቻውን መቀመጥ። ከዚያ ሽኒሌ ደርሶ መመለስ፣ ረዳቱ አጠገቡ ሆኖ። ከዚያ ያው ጉዞ፣ ረዳቱ ሳያወራው። ስሜቱ ከበረታ መኪናውን ጥግ ማስያዝ አለበት፤ ተሳቢ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። ጥግ ይዞ ግን እንደ ቀድሞው ለሚስቱ አይደውልም፣ ውሃ አናቱ ላይ አያፈስም፤ ይጠብቃል፣ ሲወርድ ይነሳል። በኪሱ የሚይዛት ነገርም ነበረች፤ ከአጎቱ የተቀበላት የግፊት ኪኒን፣ አንድ ፍሬ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ። የሌላ ሰው የግፊት መድኃኒት መዋጥ አደጋ ነው፤ አልዋጣትም፣ ግን ሳይዛት አይወጣም ነበር። በስምንተኛው ቀጠሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧት ሄደ።

ጥቅምት ላይ ደወሌ ደርሶ ተመለሰ። በ11ኛው ቀጠሮ መጠይቆቹን እንደገና ሞላ፦ ድባቴው 4፣ ጭንቀቱ 5። ጫቱን አልተወም፤ አርብ ከሰዓት ቤቱ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፣ መሪ ላይ ግን አይዝም። ካቢና ውስጥ ብቻውን መተኛት እስካሁን ያስቸግረዋል፤ ጅቡቲ ወረፋ ላይ ሲያድር ሬዲዮውን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ሁለት ጣቶቹ አልፎ አልፎ ወደ ደም ሥሩ ይሄዳሉ። እኔም አያለሁ፣ እሱም እንደማይ ያውቃል።

በግንቦት፣ ሙቀቱ ሲመለስ፣ ግርሻው ሁለት ጊዜ መጣበት። በዚህኛው ድንገተኛ ክፍል አልሄደም። ጥግ ይዞ ጠብቆ፣ በጉዞ ወረቀቱ ላይ «አይሻ፣ 7፡20፣ 9 ደቂቃ» ብሎ ጽፎ ፎቶውን ላከልኝ። ከሥሩ «አቦ፣ መብራቱ በርቷል» የሚል ነበረበት። ሁለት ቀጠሮ ያዝን። አንዱ አልፏል፤ ሁለተኛው የፊታችን ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።